ከፀዳ ጤና ኬላ እስከ ጎንደር ሆስፒታል፦ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድንና የጤና ፍትሃዊነት

በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱና በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ዓይነት በሽታ ቢያዙ የሚያገኙት ሕክምና እኩል ላይሆን ይችላል። አንደኛው ቤተሰብ ታማሚውን በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስድ፣ ሌላኛው «ነገ ይሻለው ይሆናል» እያለ ቀን ይቆጥራል። ሁለቱን የሚለያያቸው የበሽታው ክብደት ወይም ለሕክምና ያላቸው ግንዛቤ ሳይሆን፣ በዕለቱ በእጃቸው ያለው ጥሬ ገንዘብ ነው። የዘገየው ቤተሰብ በመጨረሻ ወደ ሕክምና ሲሄድም በሽታው ጸንቶ፣ ወጪው ጨምሮ፣ በሬ ወይም የዘር እህል እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይህን ልዩነት ለማጥበብ የተዘረጋ ስርዓት ነው። ይህ ጽሑፍ ስርዓቱ እንዴት እንደሚሰራ፣ መክፈል የማይችሉ ዜጎች እንዴት እንደሚካተቱ፣ ከፀዳ ወደ ጎንደር ያለው የሕክምና ቅብብሎሽ ምን እንደሚመስልና መድኑ ብቻውን የማይፈታቸው ችግሮች የትኞቹ እንደሆኑ ያብራራል።

የጤና ልዩነት ከምን ይመነጫል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግስት በአንቀጽ 41 ዜጎች በመንግስት ገንዘብ በሚካሄዱ ማህበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መንግስትም ለሕዝብ ጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማህበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት። መብቱ በሕግ የታወቀ ቢሆንም፣ በተግባር አንድ ታማሚ በመንግስት ጤና ተቋም ሲስተናገድ ለካርድ፣ ለላቦራቶሪ ምርመራ፣ ለአልጋና ለመድኃኒት የሚከፍልበት አሰራር ለረጅም ዘመን ቆይቷል። በ1990 ዓ.ም የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ጤና ተቋማት ከተገልጋይ የሰበሰቡትን ገቢ ለመድኃኒት መግዣና ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት ፈቅዷል፤ ጎን ለጎንም ድሃ ዜጎች ከክፍያ ነፃ የሚሆኑበትንና የተወሰኑ አገልግሎቶች ለሁሉም ያለክፍያ የሚሰጡበትን አሰራር አጠናክሯል።

ይሁንና ከግለሰብ ኪስ የሚወጣው ወጪ ከፍተኛ ሆኖ ቀጥሏል። በብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናቶች መሰረት፣ እ.ኤ.አ. በ2013/14 ከአገሪቱ አጠቃላይ የጤና ወጪ 33 በመቶ፣ በ2016/17 ደግሞ 31 በመቶ የሚሆነው ቤተሰቦች በሕክምና ጊዜ ከኪሳቸው የከፈሉት ነበር። ይህ ድርሻ ከ20 በመቶ በላይ በሆነባቸው አገሮች ቤተሰቦች በሕክምና ወጪ ምክንያት ለድህነት የመጋለጥ ዕድላቸው እንደሚሰፋ የዓለም ጤና ድርጅት ያስገነዝባል።

ከኪስ የሚወጣ ክፍያ ፍትሃዊ የማይሆንበት ዋነኛ ምክንያት የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። የታመመ አርሶ አደር ወይም የቀን ሰራተኛ ስራውን ያቆማል፤ ገቢው በተቋረጠበት ዕለት ወጪው ይጨምራል። በጎንደር ዙሪያና በደንቢያ ሜዳማ አካባቢዎች ወባ የሚበረታው ክረምቱ አልፎ ውኃ በሚያቁርበት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ይህ ወቅት ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚያልቅበትና አዲሱ ምርት ገና ያልተሰበሰበበት ነው። በመሆኑም በሽታው ገበሬውን የሚያገኘው ገንዘብ በሌለው ጊዜ ላይ ነው። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚያገኝ የከተማ ነዋሪ ይህን ያህል አይፈተንም።

የመድኑ አሰራር በቀላል ስሌት

የጤና መድን መሰረታዊ ሀሳብ ክፍያውን ከሕመም ቀን ወደ ጤና ቀን፣ ከታማሚው ትከሻም ወደ ሁሉም አባላት ማሸጋገር ነው። ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ አካባቢ 1 ሺህ ቤተሰቦች እንዳሉና እያንዳንዳቸው በዓመት 600 ብር እንደሚያዋጡ ይታሰብ። በጋራ ቋቱ 600 ሺህ ብር ይሰበሰባል። በዓመቱ ውስጥ 60 ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ብር የሚጠይቅ ሕክምና ቢያስፈልጋቸው፣ ቋቱ ሙሉ ወጪውን ይሸፍናል። መድኑ ባይኖር ኖሮ 940 ቤተሰቦች ምንም ሳይከፍሉ፣ 60ዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ብር ለመፈለግ በተገደዱ ነበር። ከ60ዎቹ መካከል የትኛው ቤተሰብ እንደሚሆን ግን በዓመቱ መጀመሪያ ማንም አያውቅም።

ይኸው ስሌት አባልነቱ ለምን በቤተሰብ ደረጃና ለምን በስፋት እንደሚደረግም ያስረዳል። የሚመዘገቡት ታማሚዎችና ሕመም የሚጠብቁ ብቻ ቢሆኑ፣ ለምሳሌ 200 ቤተሰቦች ብቻ ቢመዘገቡ፣ ቋቱ 120 ሺህ ብር ይሰበስባል፤ የሚጠየቀው ወጪ ግን 600 ሺህ ብር እንደሆነ ይቆያል። እንዲህ ያለው ቋት ዓመቱን መዝለቅ አይችልም። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው የታመመውን ልጁን ብቻ ነጥሎ ማስመዝገብ አይፈቀድለትም፤ የሚመዘገበው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። እማወራው ወይም አባወራው፣ የትዳር አጋርና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአንድ አባልነት ይጠቃለላሉ፤ በቤቱ ለሚኖሩ ሌሎች ቤተሰቦች ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል።

ሀሳቡ ለጎንደርና ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። እድር ሞት በሚያጋጥምበት ጊዜ ቤተሰብ ብቻውን እንዳይወድቅ የሚያደርግ የመደጋገፍ ስርዓት ነው። በደጋማው ሰሜን ጎንደር መንገድ በሌለባቸው ቀበሌዎች ታማሚን በቃሬዛ ተሸክሞ ለሕክምና ማድረስ የጎረቤት ሁሉ ግዴታ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ የተሸከመ ነገ ይሸከሙታል። የጤና መድን ይህንኑ ልማድ ከትከሻ ወደ ሕክምና ወጪ ያሰፋዋል።

በኢትዮጵያ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሙከራ ትግበራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ነው። በአማራ ክልል ለሙከራ የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ወረዳዎች ነበሩ። ከሙከራው የተገኘው ተሞክሮ አባል የሆኑ ቤተሰቦች አባል ካልሆኑት በተሻለ ሲታመሙ ወደ ጤና ተቋም እንደሚሄዱ በማሳየቱ፣ ፕሮግራሙ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፍቶ ዛሬ ከ1 ሺህ በላይ ወረዳዎችን ያካትታል። ስርዓቱ በገጠር ለሚኖሩ አርሶና አርብቶ አደሮች እንዲሁም በከተማ መደበኛ ባልሆነ ስራ ለሚተዳደሩ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። ለመንግስት ሰራተኞች፣ ለድርጅት ተቀጣሪዎችና ለጡረተኞች የተለየ ማዕቀፍ በማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ተደንግጓል።

መክፈል የማይችሉ ዜጎች እንዴት ይካተታሉ?

በመዋጮ የሚሰራ ማንኛውም ስርዓት አንድ አደጋ አለው፤ ማዋጣት የማይችለው ከስርዓቱ ውጭ ሊቀር ይችላል። እድርም ቢሆን ወርሃዊ መዋጮውን ላቋረጠ አባል በሩን ሊዘጋ ይችላል። የጤና መድን ግን በይበልጥ የታሰበው ለዚሁ ወገን በመሆኑ፣ ለድሃ ድሃ ቤተሰቦች የአባልነት መዋጮውን የወረዳ አስተዳደሮችና የክልል መንግስት ከበጀታቸው ይከፍላሉ። የፌዴራል መንግስትም ለስርዓቱ አጠቃላይ ድጎማ ያደርጋል። በመዋጮው የሚከፍለውም ሆነ በድጎማ የታቀፈው አባል የሚያገኙት የአገልግሎት ዓይነት አንድ ነው።

ተደጓሚዎችን የሚለየው ማህበረሰቡ ራሱ ነው። በቀበሌ ደረጃ ነዋሪው ተሰብስቦ መሬት፣ ከብት፣ ቋሚ ገቢ ወይም የሚረዳ ቤተሰብ የሌላቸውን ይጠቁማል፤ የተለዩት ሰዎች ዝርዝር ለነዋሪው ቀርቦ አስተያየት ይሰጥበታል፤ ቀጥሎም በወረዳው አስተዳደር ይጸድቃል። ይህ አካሄድ የተመረጠው በገጠር የሰውን ገቢ በደረሰኝ ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ የጎረቤትን ኑሮ ግን ጎረቤት ስለሚያውቀው ነው። በሩዋንዳም ቤተሰቦችን በኑሮ ደረጃ የመለየቱ ስራ በማህበረሰብ ውይይት ሲከናወን የቆየ ሲሆን፣ የድሃዎቹን የመድን መዋጮ መንግስት ይሸፍናል።

አሰራሩ ፍትሃዊ የሚሆነው ግን በስብሰባው የማይገኙትም ሲታሰቡ ነው። ከቤት መውጣት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ የአእምሮ ሕሙማን፣ ከሌላ አካባቢ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሰሩና ቋሚ መኖሪያ የሌላቸው የቀን ሰራተኞች በቀበሌ ስብሰባ የሚናገርላቸው ሰው ላይኖር ይችላል። በመሆኑም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እድሮችና ጎረቤቶች እንዲህ ያሉ ሰዎች መኖራቸውን ለቀበሌው ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። መካተት ሲገባው የተዘለለ ሰው ዝርዝሩ ለአስተያየት በሚቀርብበት ጊዜ ቅሬታውን ለቀበሌ፣ ምላሽ ካጣም ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው የጤና መድን ጽህፈት ቤት የማቅረብ መብት አለው።

በድሃ ድሃና በባለጸጋ መካከል ያለው ሰፊ የህብረተሰብ ክፍልም መታየት ይኖርበታል። ለሁሉም እኩል የሆነ መዋጮ ሲጠየቅ፣ የሚያከራየው ቤት ላለው ነጋዴ የሚቀለው ገንዘብ ለቀን ሰራተኛዋ እናት የሳምንት ቀለብ ሊሆን ይችላል። መዋጮውን በኑሮ ደረጃ ከፋፍሎ የማስከፈል አሰራር ወደ ተግባር እየገባ ያለው ለዚህ ነው። የመዋጮው መጠን በየአካባቢውና በየዓመቱ ሊለያይ ስለሚችል፣ ትክክለኛውን መጠን ከቀበሌው ወይም ከጤና መድን ጽህፈት ቤቱ መጠየቅ ይገባል።

የሕክምና ቅብብሎሽ፦ ከፀዳ ወደ ጎንደር

ፀዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው የአስፋልት መንገድ ላይ፣ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀድሞ በጎንደር ዙሪያ ወረዳ ስር የነበረች ሲሆን፣ ዛሬ በጎንደር ከተማ አስተዳደር በአዘዞ ፀዳ ክፍለ ከተማ ትጠቃለላለች። የፀዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ መገኛም ናት። በዚህ አካባቢ የሚኖር የመድን አባል ሕክምና የሚጀምረው ከሰፈሩ ነው።

የመጀመሪያው እርከን ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት የመከላከል ስራ ይሰራሉ፤ ምክር፣ ክትባትና ቀላል ሕክምና ይሰጣሉ። ከዚህ በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ጤና ጣቢያው ምርመራ፣ መድኃኒት፣ የማዋለድና የአስቸኳይ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ የሆነውን ታማሚ የሪፈር ወረቀት ሰጥቶ ወደ ሆስፒታል ያስተላልፋል፤ ለጎንደርና ለአካባቢዋ የመጨረሻው እርከን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «ሆስፒታሉ ቅርብ ከሆነ ለምን በቀጥታ አልሄድም?» የሚል ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በጤና ጣቢያ ሊታከም የሚችል ሕመም ሁሉ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ቢጎርፍ፣ ከጃናሞራ፣ ከበየዳ ወይም ከዳባት ተልኮ የመጣ ጽኑ ሕሙም አልጋና ሐኪም ያጣል። ሁለተኛ፣ የአንድ ሕመም ሕክምና በሆስፒታል ከጤና ጣቢያ ይልቅ ስለሚወደድ የጋራ ቋቱ በፍጥነት ይሟጠጣል። በመሆኑም ቅብብሎሹን ሳይከተል የሄደ አባል ከወጪው ከፊሉን ወይም ሙሉውን ራሱ እንዲሸፍን ሊደረግ ይችላል። ለሕይወት አስጊ የሆነ ድንገተኛ ሕመምና አደጋ ግን ሪፈር አይጠበቅለትም፤ ታማሚው በአቅራቢያው ወዳለው ተቋም ወዲያውኑ መወሰድ አለበት።

መድኑ የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምናን፣ የላቦራቶሪና የምስል ምርመራን፣ ቀዶ ሕክምናንና በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትን ይሸፍናል። ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የዓይን መነጽር፣ ሰው ሰራሽ ጥርስና ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና አይካተቱም።

ያለክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች

የመድን አባል መሆን ሳያስፈልግ በመንግስት ጤና ተቋማት ለማንኛውም ሰው ያለክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። ከእነዚህም መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል፦

- የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የወሊድና የድህረ ወሊድ አገልግሎት፤
- የእናቶችና የሕፃናት ክትባት፤
- የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት፤
- የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና፤
- የኤችአይቪ ምርመራና ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚደረግ ክትትል፤
- የሥጋ ደዌ ሕክምና፤
- በወሊድ ምክንያት የሚመጣ የፌስቱላ ሕክምና፤
- ወረርሽኝ ሲከሰት የሚሰጥ አገልግሎት።

አንዲት ነፍሰ ጡር እናት የመድን ካርድ ስላልያዘች ወይም መዋጮዋን ስላላደሰች ከወሊድ አገልግሎት ልትከለከል አይገባም። ክፍያ የተጠየቀ ተገልጋይ ለተቋሙ ኃላፊ ወይም ለቅሬታ ሰሚ ክፍሉ ማመልከት ይችላል።

ክፍያ ቢነሳም የሚቀረው ልዩነት

የወሊድ አገልግሎት ያለክፍያ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የገንዘብ ጥያቄ ሲወገድ ሌላ ምን እንቅፋት እንደሚቀር በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሰረት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ነበሩ። በከተማ 79 በመቶ ሲሆን በገጠር 20 በመቶ ነበር። በአዲስ አበባ 97 በመቶ ሲደርስ፣ በአፋር 15 በመቶ ላይ ቆሟል። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት አገራዊው አሃዝ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል፤ በከተማና በገጠር መካከል ያለው ርቀት ግን አልተዘጋም።

ዋጋው ለሁሉም ዜሮ ሆኖ ሳለ አጠቃቀሙ ይህን ያህል ከተለያየ፣ ምክንያቱ ከክፍያ ውጭም መፈለግ አለበት። ከፀዳ ምጥ የያዛት እናት በአስፋልት መንገድ በአጭር ጊዜ ጎንደር ልትደርስ ትችላለች። በሰሜን ተራሮች ሥር ባለ ቀበሌ የምትኖር እናት ግን መጀመሪያ ተሽከርካሪ ወደሚገባበት መንገድ በቃሬዛ መወሰድ አለባት፤ በክረምት ወንዝ ከሞላ መንገዱ ይዘጋል። ቤት የሚቀሩ ልጆችን የሚጠብቅ፣ ከብት የሚያግድ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው መገኘቱም የሕክምናው አካል ነው። ይህን ርቀት ለማጥበብ በጤና ጣቢያዎች የወላድ እናቶች ማቆያ ተዘጋጅቷል። ከሩቅ የምትመጣ እናት የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ በማቆያው ትቆያለች፤ በብዙ አካባቢዎች ለገንፎ የሚሆነውን እህል የሚያዋጣው ማህበረሰቡ ነው። በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ያሉ ነፍሰ ጡር እናቶች ስለ ማቆያው ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቀድመው ሊጠይቁ ይገባል።

ሕክምናን ወደ ሕዝቡ የማቅረብ ሀሳብ በጎንደር ረጅም ታሪክ አለው። በ1947 ዓ.ም በጎንደር የተቋቋመው የህብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ጤና መኮንኖችን፣ የማህበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሰልጥኖ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሰማራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተነሳው የወባ ወረርሽኝ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት ሲቀጥፍ፣ በከተማ የተሰባሰበ ሕክምና ብቻውን ገጠሩን መታደግ እንደማይችል በግልጽ ታይቷል። ከዚያ ኮሌጅ ያደገው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ ቀበሌዎች የሚከሰቱ ልደቶችን፣ ሞቶችንና የነዋሪዎችን ዝውውር የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለው። የትኛው ቀበሌ ይበልጥ እንደሚጎዳ የሚታወቀውም እንዲህ ባለ ተከታታይ ምዝገባ ነው። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ፣ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑ ሰልጣኞችን በየቀበሌው በመመደብ መከላከልን ከቤት አስጀምሯል።

ለወቅታዊ የጉልበት ሰራተኞች

የሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች መሬት የጠበበባቸው በመሆኑ፣ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥና ለማሽላ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላማ እርሻዎች ይወርዳሉ። ወባን በብዛት በማያውቅ አካባቢ ያደጉት እነዚህ ሰራተኞች በቆላው ለወባና በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው ካላአዛር ይጋለጣሉ። ካላአዛር ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የጣፊያ ማበጥ የሚያስከትል፣ ካልታከመም የሚገድል በሽታ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የበሽታው ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው።

እነዚህ ሰራተኞች የኑሮ ልዩነት በጤና ላይ የሚያሳድረውን ጫና በጉልህ ያሳያሉ። አባልነታቸው በትውልድ ወረዳቸው ሲሆን የሚታመሙት በሌላ ወረዳ ነው፤ የመድን ስርዓቱ ግን የሚሰራው ውል በተገባባቸው ተቋማት ነው። ስለዚህ ለስራ የሚወጣ አባል ከመሄዱ በፊት ካርዱን አሳድሶ መያዝ፣ በሌላ አካባቢ ቢታመም እንዴት እንደሚስተናገድ ከጽህፈት ቤቱ መጠየቅና በቆላው አጎበር መጠቀም ይገባዋል። ከቆላ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት ያላነሰ ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ የት ሰርቶ እንደመጣ ለባለሙያው መናገር አለበት፤ ይህ መረጃ ምርመራውን ወደ ትክክለኛው በሽታ ይመራል።

መፍትሔ የሚሹ ጉዳዮች

የመድን ስርዓቱ በስፋት ቢተገበርም የአባላትን አመኔታ የሚፈትኑ ክፍተቶች አሉ። ቀዳሚው የመድኃኒት እጥረት ነው። ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ ጤና ጣቢያ የደረሰ አባል «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ከተባለ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ገንዘብ ያለው ከግል መድኃኒት ቤት ገዝቶ ይድናል፤ የሌለው ማዘዣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ መድኑ ሊያጠበው የታሰበው ልዩነት ተመልሶ ይመጣል። ጤና ተቋማት ከመድን የሚያገኙትን ገቢ ቅድሚያ ለመድኃኒት አቅርቦት ማዋል፣ ውል የተገባባቸውን መድኃኒት ቤቶችም ለአባላት ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።

ሁለተኛው የቋቱ ስፋት ነው። እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ቋት ብቻ ሲይዝ፣ ድርቅ ወይም ወረርሽኝ ያጋጠመው ወረዳ መዋጮው በሚቀንስበት ዓመት ወጪው ይጨምራል። ቋቱን ከወረዳ ወደ ዞንና ወደ ክልል የማሳደግ አቅጣጫ የተያዘው፣ የደህናው ወረዳ ሀብት የተቸገረውን እንዲደግፍ ለማስቻል ነው። ሦስተኛው በጦርነትና በግጭት የተጎዱ ጤና ተቋማት ጉዳይ ነው። ተቋሙ የተዘረፈበት ወይም ባለሙያ የሌለበት ቀበሌ ነዋሪ የመድን ካርድ ቢይዝም የሚታከምበት ቦታ ሊያጣ ይችላል። የመልሶ ግንባታ ስራው ለመድኑም ቅድመ ሁኔታ ነው።

ተገልጋዮች ማድረግ የሚገባቸው

1. አባልነትን በወቅቱ ማደስ። መዋጮው በአብዛኛው የሚሰበሰበው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ነው። አባልነቱ ዓመታዊ በመሆኑ ያልታደሰ ካርድ አገልግሎት አያስገኝም። «ባለፈው ዓመት አልታመምንም» በሚል ማቋረጥ በሚቀጥለው ዓመት ቤተሰቡን ያለ ዋስትና ያስቀረዋል።

2. የቤተሰብ አባላትን ሙሉ በሙሉ ማስመዝገብ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ወይም አዲስ የመጣ ቤተሰብ ካለ ለቀበሌው ማሳወቅ ይገባል።

3. ለከፈሉት ገንዘብ ደረሰኝ መቀበልና ካርዱን በጥንቃቄ መያዝ። ካርድን ለሌላ ሰው ማዋስ የጋራ ቋቱን ይጎዳል፤ በተሳሳተ የሕክምና መዝገብ ምክንያትም ለታማሚው አደገኛ ነው።

4. ሕመም ሲሰማ ሳይዘገዩ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ፤ ወደ ሆስፒታል ሲላኩ የሪፈር ወረቀቱን፣ የመድን ካርዱንና መታወቂያን ይዞ መቅረብ።

5. የታዘዘ መድኃኒት ከተቋሙ ከጠፋ፣ ከግል መድኃኒት ቤት ከመግዛት በፊት ውል የተገባበት መድኃኒት ቤት መኖሩን በተቋሙ የጤና መድን ተጠሪ በኩል መጠየቅ።

6. አባል በመሆን ምክንያት የተጓደለ አገልግሎት ወይም መስተንግዶ ካጋጠመ በቅድሚያ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው የጤና መድን ጽህፈት ቤት፣ ከዚያም በየአካባቢው ላለው የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ቅርንጫፍ ማመልከት።

7. መክፈል የማይችል ጎረቤትን ለቀበሌው መጠቆም። በተደጓሚዎች ልየታ ስብሰባ መገኘትና ያልተነሳ ስም ካለ ማንሳት የነዋሪው ድርሻ ነው።

ወረዳዎች በጀት ቢመድቡ፣ ሆስፒታሎችም አልጋና ባለሙያ ቢያዘጋጁ፣ ስሙ ያልተጠራ ድሃ ከሁሉም ውጭ ይቀራል። የጤና ፍትሃዊነት የሚለካው አቅም ያላቸው ሰዎች በሚያገኙት ሕክምና ሳይሆን፣ ገንዘብ የሌለው ታማሚ በዘገየባቸው ቀናት ነው። እነዚህን ቀናት ማሳጠር የሚቻለው አባልነቱ ከሕመሙ በፊት ሲታደስ፣ መድኃኒቱም በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ሲገኝ ነው።